ቆጥሮ የሚሄድ ሞተር፦ ስቴፐር ሞተርና በቤት የሚሠሩ ማሽኖች

አንድ ማሽን ክንዱን የት እንዳደረሰ የሚያውቅበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ማየት ነው፤ ሞተሩ ይዞራል፣ ዘንጉ ላይ የተገጠመው ኢንኮደር የደረሰበትን ቦታ ይናገራል፣ መቆጣጠሪያው ልዩነቱን አስልቶ ያርማል። ትልልቅ ፋብሪካዎች በሰርቮ ሞተር የሚሠሩት እንዲህ ነው፤ ውጤቱ ያማረ ነው፣ ዋጋው ግን ይከብዳል። ሁለተኛው መቁጠር ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምት በተላከ ቁጥር አንድ የታወቀ እርምጃ ብቻ የሚራመድ ሞተር ካለ፣ ሺህ ምት የላከ መቆጣጠሪያ ሺህ እርምጃ መሄዱን ሳያይ ያውቃል። ስቴፐር ሞተር የሚሠራው በዚህ በሁለተኛው መንገድ ነው።

ዛሬ በመኖሪያ ቤት፣ በትምህርት ቤትና በትንሽ ወርክሾፕ የምናያቸው ስሪዲ ፕሪንተሮች፣ የሲኤንሲ መቅረጫዎች፣ የሌዘር መቁረጫዎችና ኮከብ የሚከተሉ ቴሌስኮፖች ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚተማመኑት በቆጠራ ነው። በዚህ ዳሰሳ የምከራከርለት ሐሳብም ከዚሁ ይነሣል። ስለ ስቴፐር የሚነሡ ጥያቄዎች ብዙ ናቸው፤ ስንት ቮልት ልስጠው? ማይክሮስቴፕ ስንት ይሁን? ምን ያህል ላፍጥነው? ለምን ይሞቃል? እነዚህ ሁሉ ተለያይተው ሲነሡ ግራ ያጋባሉ። «ቆጠራው እንዳይሳት ምን ላድርግ?» በሚለው በአንዱ ጥያቄ ሥር ሲሰበሰቡ ግን መልሳቸው ይገጣጠማል። ሞተር ሲገዛ ጉልበቱን ብቻ የሚያይ ሰው ይህን ጥያቄ ዘልሎ ስለሚሄድ ነው በኋላ የሚቸገረው።

ሃምሳ ጥርስ

የተበላሸና የማይፈለግ ስቴፐር ያለው ሰው አራቱን ብሎኖች በካቻቪቴ ፈትቶ ውስጡን ቢያይ ብዙ ይማራል። ደህና በሆነ ሞተር ላይ ግን ይህ አይሞከርም፤ የሚዞረው ክፍል (ሮተሩ) ዙሪያውን ካቀፈው ቋሚ ክፍል (ከስታተሩ) ሲወጣ የማግኔቱ ኃይል ይቀንሳል፣ መልሰው ቢገጥሙትም እንደ ቀድሞው አይሆንም።

ዘንጉ ላይ ሁለት ጥርሳም የብረት ቀለበቶች ተደርድረዋል። በመካከላቸው ጠፍጣፋ ማግኔት ስላለ አንዱ ቀለበት በሙሉ ሰሜን ዋልታ፣ ሌላው በሙሉ ደቡብ ዋልታ ነው። በእያንዳንዱ ቀለበት ዙሪያ 50 ጥርስ አለ። ወደ ብርሃን አውጥተው በጎን ሲያዩት የአንዱ ቀለበት ጥርስ ከሌላው ቀለበት ክፍተት ትይዩ ይውላል፤ ቀለበቶቹ በግማሽ ጥርስ ተዛንፈው ነው የተገጠሙት። የሞተሩ ዋና ብልሃት ይህ መዛነፍ ነው።

ዙሪያውን ያቀፈው ስታተር ብዙውን ጊዜ ስምንት ምሰሶ አለው። በየምሰሶው ሽቦ ተጠምጥሟል፤ የምሰሶዎቹ ጫፍም እንደ ሮተሩ ጥርስ ወጥቶለታል። አራቱ ምሰሶዎች የአንድ ፌዝ (አብረው ከረንት የሚያገኙ ጥምጥሞች ቡድን)፣ የቀሩት አራቱ የሌላ ፌዝ ናቸው። አንዱ ፌዝ ከረንት ሲያገኝ የሮተሩን ጥርሶች ስቦ ፊት ለፊቱ ያቆማቸዋል፤ በዚያው ሰዓት በሌላው ፌዝ በኩል ያሉት ጥርሶች በሩብ ያህል ተዛንፈው ይቀራሉ። ከረንቱ ወደ ሁለተኛው ፌዝ ሲዛወር ሮተሩ ያችን ሩብ ይሄዳል። ቀጥሎ የመጀመሪያው ፌዝ በተገለበጠ አቅጣጫ፣ ከዚያ ሁለተኛውም በተገለበጠ አቅጣጫ ከረንት ያገኛሉ፤ በአራት እርምጃ አንድ ጥርስ ታለፈ ማለት ነው። 360 ዲግሪ ለ50 ሲካፈል 7.2 ይሆናል፤ 7.2 ለ4 ሲካፈል 1.8። አንድ ዙር 200 እርምጃ የሆነው በዚህ ነው። መቶ ጥርስ ያላቸውና በዙር 400 እርምጃ የሚሄዱም አሉ።

በሮተሩና በስታተሩ መካከል ያለው ክፍተት 0.05 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ይህን ክፍተት ዙሪያውን እኩል ጠብቆ በሁለት ኩሽኔታ ላይ ማስቀመጥና ዕቃውን በርካሽ መሸጥ መቻል ትልቅ የእጅ ሥራ ነው፤ ሳስበው ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ጥሩ ሞተር በአንድ እርምጃ ላይ የሚያሳየው ስህተት ከእርምጃው 5 በመቶ ገደማ ነው። ከዚህ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን ስህተቱ አለመጠራቀሙ ነው፤ ከ200 እርምጃ በኋላ ሮተሩ የሚመለሰው ወደ ተነሣበት ጥርስ ነው። ቆጠራን የሚታመን የሚያደርገው ይህ ጠባይ ነው።

ይህ ዓይነት ሃይብሪድ ይባላል። ማግኔት የሌለውና ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ልቅ ብሎ የሚዞር ዓይነትም አለ። እንደ ቆርቆሮ ጣሳ የተሠራው ርካሹ ባለ ማግኔት ደግሞ ከአሮጌ ፕሪንተሮችና ስካነሮች ውስጥ ይወጣል፤ ብዙ ጊዜ በአንድ እርምጃ 7.5 ዲግሪ፣ በዙር 48 እርምጃ ይሄዳል። በየመሥሪያ ቤቱ ግምጃ ቤት የተከመሩ ፕሪንተሮች ለተማሪ ጥሩ ሀብት ናቸው፤ ሞተሩን አውጥቶ ማሽን ላይ ከመግጠም በፊት ግን የእርምጃውን መጠን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ከጦር መርከብ እስከ ብዕር

(ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1920ዎቹ የብሪታንያ ባሕር ኃይል ማግኔት የሌላቸውን ስቴፐሮች በጦር መርከቦቹ ላይ ያሠራ ነበር፤ የመድፍንና የቶርፒዶ ቱቦን አቅጣጫ ከአንዱ የመርከቡ ክፍል ወደ ሌላው ያስተላልፉ ነበር። የዛሬው ሃይብሪድ ሞተር የመጣው ግን ከጀነራል ኤሌክትሪክ ነው። ካርል ፋይርታግና ጆሴፍ ዶናሁ በ1952 የፈጠራ መብት ሲያገኙበት ሐሳባቸው እርምጃ መቁጠር አልነበረም። የፈለጉት ያለ ጊር በዝግታ የሚዞር፣ በቀጥታ ከመስመር ኤሌክትሪክ የሚሠራ ሞተር ነበር። ባለ 50 ጥርስ ሮተር በእያንዳንዱ የኤሌክትሪክ ሞገድ አንድ ጥርስ ስለሚሄድ በአሜሪካ 60 ሄርዝ በደቂቃ 72 ጊዜ ይዞራል። በእኛ 50 ሄርዝ ቢሆን ኖሮ በሴኮንድ ልክ አንድ ዙር ይሆን ነበር።

መቁጠር የመጣው ከኮምፒውተር ጋር ነው። በ1959 የወጣው ካልኮምፕ 565 የተባለ የሥዕል ማሽን በአንዱ ሞተር ወረቀት የተጠመጠመበትን ከበሮ፣ በሌላው ብዕሩን ያንቀሳቅስ ነበር። አንድ ምት 0.254 ሚሊ ሜትር ነው፤ በሴኮንድ እስከ 300 ምት ይቀበላል። ሰያፍ መስመር ሲመጣ ግን ችግር አለ። ብዕሩ ወደ ጎን፣ ወደ ላይ ወይም ሁለቱንም በአንድ ጊዜ አንድ እርምጃ ከመሄድ በቀር ሌላ ምርጫ የለውም። ታዲያ በየትኛው ምት የትኛው ሞተር ይራመድ? የአይቢኤም ባልደረባ የነበረው ጃክ ብሬዘንሃም በ1962 መልሱን አገኘ። ያገኘው ዘዴ መባዛትና መካፈል ውስጥ ሳይገባ በመደመርና በመቀነስ ብቻ ለእያንዳንዱ ምት ይወስናል፤ በ1965 ታትሞ ወጣ። በኋላ በኮምፒውተር ስክሪን ላይ መስመር በመሣል ዓለም ያወቀው ይህ ስሌት ሲወለድ የታሰበው ለሥዕል ማሽን ብዕር ነበር።

በ2009 ሲመን ስቫሌ ስኮግስሩድ የጀመረው ግርብል የተባለ ፕሮግራም አርዱዊኖ በተባለ ተራ ትንሽ የመቆጣጠሪያ ቦርድ ላይ ሦስት ሞተር ያሠራል። ውስጡ ሲታይ ያው የብሬዘንሃም ስሌት ነው፤ ልዩነቱ በሴኮንድ 300 የነበረው ምት 30 ሺህ መድረሱ ነው። የተለመደው ስሪዲ ፕሪንተር በጂቲ2 ቺንጋና በ20 ጥርስ ፑሊ ሲሠራ በአንድ ዙር 40 ሚሊ ሜትር ይሄዳል፤ በአንድ ሙሉ እርምጃ 0.2 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ከስልሳ ዓመት በፊት ከነበረው የካልኮምፕ እርምጃ ብዙም አልራቀም። ሜካኒኩ እምብዛም አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሞተሩን የሚመግበው ኤሌክትሮኒክስ ነው።

አፕል በ1978 ያወጣው ዲስክ ቱ የተባለው የፍሎፒ ማንበቢያም እዚህ ሊነሣ ይገባዋል። ስቲቭ ዎዝኒያክ ወጪ ለመቀነስ ከክፍሎቹ መካከል የመጀመሪያው ትራክ የት እንዳለ የሚናገረውን ሴንሰር አስወጣው። ዲስኩ 35 ትራክ አለው፤ ፕሮግራሙ ማንበቢያውን ከዚያ የበለጠ እርምጃ ወደ ኋላ እንዲሄድ ያዘዋል። ማንበቢያው ዳር ያለውን ማቆሚያ እየመታ ይንገጫገጫል፣ ሞተሩም እርምጃ ይስታል፤ ሲያበቃ ግን ዜሮ ላይ መሆኑ የተረጋገጠ ነው። በ2017 የወጣው ፕሩሻ ኤምኬ3 ፕሪንተርም ጫፎቹን የሚያገኘው ያለ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ዳሩን ነክቶ ነው። አዲስ ነገሩ ለሞተሩ ከረንት የሚያቀብለው ድራይቨር ከኮይሉ (ከጥምጥም ሽቦው) የሚመለሰውን ኤሌክትሪክ አይቶ መንካቱን ማወቁ ነው።

ቮልት የሚያሳስተው

የሞተሩ ወረቀት «2.8 ቮልት፣ 1.7 አምፒር» ይላል፤ ማሽኑ የተሰጠው ፓወር ሰፕላይ 24 ቮልት ነው። ጀማሪ ሁሉ እዚህ ጋ ይቆማል። ሞተሩ አይቃጠልም ወይ?

አይቃጠልም። 2.8 ቮልት የኮይሉ ረዚስታንስ በ1.7 አምፒር ሲባዛ የሚመጣ ቁጥር ብቻ ነው። ኮይል ኢንዳክታንስ ስላለው ከረንት ወዲያው አይሞላለትም፤ 2.8 ሚሊ ሄንሪ ያለውን ሞተር በ2.8 ቮልት ብናሠራው ከረንቱ ሁለት ሦስተኛው ላይ እንኳ ለመድረስ 1.7 ሚሊ ሴኮንድ ገደማ ይፈልጋል። ፕሪንተሩ በሴኮንድ 300 ሚሊ ሜትር ሲሮጥ ግን ሞተሩ በሴኮንድ 1,500 ሙሉ እርምጃ ይሄዳል፤ ለአንድ እርምጃ ያለው ጊዜ 0.67 ሚሊ ሴኮንድ ነው። ከረንቱ ሳይሞላ ተራው ያልፋል፣ ጉልበቱ ይሟሽሻል፣ ቆጠራው ይሳታል። 24 ቮልት ሲሰጠው ያው 1.7 አምፒር በ0.2 ሚሊ ሴኮንድ ውስጥ ይደርሳል። ከደረሰ በኋላ እንዳያልፍ የሚጠብቀው ድራይቨሩ ነው፤ በሴኮንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እየከፈተና እየዘጋ ከረንቱን በልኩ ይይዘዋል። ለዚህ ነው ሞተር ሲመረጥ ኢንዳክታንሱ ዝቅ ያለውን፣ ፓወር ሰፕላይ ሲመረጥ ድራይቨሩ እስከሚፈቅደው ድረስ ቮልቱ ከፍ ያለውን መውሰድ የሚሻለው። «12 ቮልት» ተብሎ የተጻፈበት፣ ረዚስታንሱ ትልቅ የሆነ ሞተር ለጀማሪ ደህና መስሎ ቢታየውም ለእንዲህ ያለ ማሽን ደካማ ምርጫ ነው።

ሙቀት ሌላው ስጋት ነው። ስቴፐር ቆሞም ከረንት ስለሚወስድ ይሞቃል፤ በእጅ ለመያዝ የሚያቃጥል 60 ወይም 70 ዲግሪ ለራሱ ለሞተሩ ችግር አይደለም። ችግሩ የተሰቀለበት ነው፤ ፒኤልኤ የሚባለው ፕላስቲክ 60 ዲግሪ አካባቢ ስለሚለሰልስ በፕሪንተር የታተመ መያዣ ቀስ በቀስ ይጣመማል፣ ቺንጋው ይላላል። እንደ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚሠራ ሰው ደግሞ አንድ ነገር መጨመር አለበት። አየሩ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ አንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል፣ ሙቀት የመውሰድ አቅሙም ይቀንሳል፤ የድራይቨሩ ወረቀት የሚሰጠው የከረንት ጣሪያ በባሕር ወለል አየር የታሰበ ነው። ትንሽ ማራገቢያ መጨመርና ከረንቱን ዝቅ አድርጎ መጀመር ይበጃል።

ወረቀት የሌለው ሞተር እጁ የገባ ሰው መለኪያ ሳይዝ የኮይሎቹን ጥንድ ማግኘት ይችላል። ከአራቱ ሽቦዎች ማናቸውንም ሁለት ጫፍ ለጫፍ አነካክቶ ዘንጉን በጣት ማዞር ነው። የአንድ ኮይል ጫፎች ከሆኑ ዘንጉ በግልጽ ይከብዳል፤ ሞተሩ ጀነሬተር ሆኖ የሚያመነጨው ከረንት በራሱ ኮይል ዞሮ መልሶ ይይዘዋል። ካልሆኑ ዘንጉ እንደ ወትሮው ይዞራል። በዚሁ ምክንያት የጠፋ ፕሪንተርን ጠረጴዛ በእጅ በፍጥነት ሲገፉት የቦርዱ መብራት ብልጭ ይላል፤ ስለዚህ በቀስታ መግፋት ነው። ኤሌክትሪክ እንደተሰካ የሞተርን ሽቦ መንቀል ደግሞ ድራይቨሩን በቅጽበት ሊያቃጥለው ይችላል፤ ይህ በፍጹም አይደረግም።

256 የሚለው ቁጥር

ለሁለቱ ፌዞች በአንዴ፣ ለአንዱ እየቀነሱ ለሌላው እየጨመሩ ከረንት ቢሰጧቸው ሮተሩ በሁለት እርምጃዎች መካከል ሊቆም ይችላል። ማይክሮስቴፒንግ ይህ ነው። ኤ4988 የተባለው የቆየ ድራይቨር አንዱን እርምጃ 16 ቦታ፣ ዲአርቪ8825 32 ቦታ ይከፍለዋል፤ ቲኤምሲ2209 የሚቀበለውን ምት በራሱ እስከ 256 ያባዛዋል። ሻጮች 200ን በ256 አባዝተው በአንድ ዙር 51,200 ቦታ አለ ይላሉ።

ቁጥሩ እውነት ነው፤ ትክክለኛነት ግን አይደለም። ሮተሩን ከአንድ ማይክሮስቴፕ ወደ ቀጣዩ የሚገፋው ኃይል ሞተሩ ካለው የመያዝ ጉልበት ትንሽ ክፋይ ነው፤ በ16 ክፍልፋይ 9.8 በመቶ፣ በ32 ወደ 4.9 በመቶ፣ በ256 ደግሞ 0.6 በመቶ ብቻ ይሆናል። ብዙ ፕሪንተር ላይ የሚገጠመው ኔማ 17 በ0.4 ኒውተን ሜትር ይይዛል ብንል፣ በ256 ክፍልፋይ አንዷ ማይክሮስቴፕ የምትገፋው በ0.0025 ኒውተን ሜትር ነው። የቺንጋውና የኩሽኔታው ሰበቃ ይህን ይውጠዋል። ሮተሩ በቦታው ይቆይና በርከት ያሉ ምቶች ሲጠራቀሙ ዘለል ይላል። በዚያ ላይ የሞተሩ የራሱ የ5 በመቶ ስህተት አለ፤ በፕሪንተሩ ቺንጋ ላይ ሲተረጎም 0.01 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከዚያ በታች የሚጻፍ ቁጥር ሁሉ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ታዲያ ጥቅሙ ምንድን ነው? ጥቅሙ ለስላሳነትና ጸጥታ ነው፤ ትልቅም ጥቅም ነው። በሙሉ እርምጃ የሚሄድ ፕሪንተር ያለበት ክፍል ውስጥ መተኛት አይቻልም፤ በአዲሶቹ ድራይቨሮች ከሞተሩ ይልቅ የማራገቢያው ድምፅ ይሰማል። ንዝረቱም ሲቀንስ ቆጠራው ይረጋል። 

ማይክሮስቴፕ ለቦታም ጭምር በእውነት የሚጠቅምበት ሥራ ቴሌስኮፕ ነው። ሰማዩ በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ከ4 ሴኮንድ አንድ ጊዜ ይዞራል። ባለ 144 ጥርስ ዎርም ጊርን በቀጥታ የሚያዞር ስቴፐር በዚህ ጊዜ 28,800 ሙሉ እርምጃ መሄድ አለበት፤ በሦስት ሴኮንድ አንድ ገደማ። አንዱ እርምጃ በሰማይ ላይ 45 ቅስት ሴኮንድ ነው፤ ጁፒተር ከምድር ስትታይ ያላት ስፋት ከ30 እስከ 50 ቅስት ሴኮንድ ስለሆነ ፕላኔቷ በየሦስት ሴኮንዱ የራሷን ስፋት ያህል ትዘላለች ማለት ነው። እርምጃው በ16 ሲከፈል ዝላዩ ወደ 2.8 ይወርዳል። ጭነቱ ቀላልና ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ስለሆነ እዚህ ላይ ሮተሩ ትንሿን ምት ይታዘዛል።

እርምጃ ሲጠፋ

ሮተር እያንዳንዱን እርምጃ ሲጨርስ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ትንሽ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። ምቶቹ ከዚህ ውዝዋዜ ጋር እኩል ጊዜ ሲገጥሙ፣ ዥዋዥዌ ላይ ያለን ልጅ በልኩ ሰዓት እየገፉ እንደማስወንጨፍ፣ ውዝዋዜው እየጨመረ ሄዶ ሮተሩ ጥርሱን ይስታል። ይህ በሙሉ እርምጃ ሲሠራ ብዙ ጊዜ በሴኮንድ ከ100 እስከ 200 እርምጃ አካባቢ ይከሠታል። ያንን ፍጥነት ቶሎ ማለፍ ወይም ማይክሮስቴፕ መጠቀም መፍትሔ ነው።

በብዛት እርምጃ የሚጠፋው ግን ከቆመበት ተነሥቶ በድንገት እንዲሮጥ ሲታዘዝ ነው። የማሽኑ ጠረጴዛ ክብደት አለው፤ የሞተሩ ጉልበት ደግሞ ፍጥነት ሲጨምር ይቀንሳል። ስለዚህ ፕሮግራሞቹ ሁሉ ፍጥነቱን ደረጃ በደረጃ ይጨምራሉ፣ ማዕዘን ላይ ይቀንሳሉ። በቅርብ ዓመታት ፕሪንተሮች በአንድ ጊዜ ብዙ እጥፍ የፈጠኑት በአዲስ ሞተር ምክንያት አይደለም። በ1990 በኤምአይቲ ኒል ሲንገርና ዋረን ሲሪንግ ያሳዩት፣ የትእዛዙን ቅርጽ በመለወጥ ንዝረትን በራሱ የማጥፋት ዘዴ ክሊፐር በተባለው ፕሮግራም በኩል ወደ ቤት ማሽኖች ስለገባ ነው።

ሥራው መሃል ላይ ወደ ጎን ተንሸራትቶ ያገኘው ሰው ካሊፐር አንሥቶ የሸሸውን ርቀት ይለካ። ሮተር ጥርስ ከሳተ የሚያርፈው ቀጣዩ ጥርስ ላይ ነው፤ ያ አራት ሙሉ እርምጃ፣ በፕሪንተሩ ቺንጋ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ሽሽቱ 0.8፣ 1.6፣ 2.4 ከሆነ ጥፋቱ የሞተሩ ወይም የድራይቨሩ ነው፤ ማጣደፉን ይቀንሱ፣ ከረንቱንና የድራይቨሩን ሙቀት ይዩ፣ ጫፉ የተቆለመመ ፕላስቲክ ሲመታ እንደሆነም ይመልከቱ። 2 ሚሊ ሜትር ከሆነ ቺንጋው አንድ ጥርስ ዘሏል፤ ውጥረቱ ይታይ። ሽሽቱ ምንም ሥርዓት ከሌለው ወይም በጥቂት በጥቂቱ ከሆነ ፑሊውን ዘንጉ ላይ የያዘችው ትንሽ ብሎን ላልታለች። ይህ መለኪያ አዲስ ሞተር ለመግዛት የታሰበውን ገንዘብ ብዙ ጊዜ ያድናል፤ አብዛኛው «የሞተር ችግር» የሚባለው የብሎን ወይም የማጣደፍ ችግር ሆኖ ይገኛልና።

የት የት ይሠራል

በ2005 በእንግሊዝ ባዝ ዩኒቨርሲቲ አድሪያን ቦየር ሬፕራፕ የተባለውን የራሱን ክፍሎች የሚያትም ማሽን ሥራ ጀመረ፤ የማሽኑን ንድፍም ለሁሉም በነጻ ሰጠ። በ2009 የወጣው ሜንዴል የተባለው ሞዴል ኔማ 17ን የቤት ማሽኖች ሁሉ ልክ አደረገው፤ ፊቱ 42 ሚሊ ሜትር ካሬ፣ የብሎን ቀዳዳዎቹ 31 ሚሊ ሜትር ተራርቀው፣ ዘንጉ 5 ሚሊ ሜትር። ከየትም ይምጣ ከየት ይገጥማል። እንጨትና አሉሚኒየም ለሚቀርጽ ሲኤንሲ ደግሞ ፊቱ 57 ሚሊ ሜትር የሆነው ኔማ 23 ይመረጣል።

ከሁሉም በላይ ልቤን የሚይዘው ግን ትንሹ ነው። 28ቢዋይጄ-48 የተባለው በጥቂት ብር የሚሸጥ ሞተር በውስጡ 64 ለ1 የሚጠጋ የፕላስቲክና የብረት ጊር አለው፤ በግማሽ እርምጃ ሲሄድ በዙር ወደ 4,096 ምት ይፈልጋል። ደካማ፣ ዝግተኛና ጊሩ የሚላላ ስለሆነ ብዙዎች ይንቁታል። ሪቻርድ ቦውማንና ባልደረቦቹ የነደፉት ኦፕንፍሌክሸር የተባለ ማይክሮስኮፕ ግን የሚንቀሳቀሰው በሦስት እንዲህ ባሉ ሞተሮች ነው። የማይክሮስኮፑ አካል በስሪዲ ፕሪንተር ይታተማል፤ ሞተሩ 0.5 ሚሊ ሜትር ፒች ያለውን ተራ ኤም3 ብሎን ያዞራል፣ ብሎኑ የሚታጠፍ ፕላስቲክ ክንድ ይገፋል። 0.5 ሚሊ ሜትር ለ4,096 ሲካፈል 0.12 ማይክሮ ሜትር ገደማ ነው፤ ክንዱ ሲጨመርበት የናሙናው እርምጃ ከ100 ናኖ ሜትር በታች ይወርዳል። በታንዛኒያ ማይክሮስኮፑ እዚያው ተሠርቶ ከኢፋካራ የጤና ኢንስቲትዩት ጋር ለወባ ምርመራ ተሞክሯል። በአሜሪካ የሚቺጋን ቴክ ባልደረቦችም በ2014 በስቴፐር የሚሠራ የመርፌ ፓምፕ ንድፍ በነጻ አሳትመዋል። ዕቃ ከውጭ በውድ ለሚያስገባ ላቦራቶሪ፣ የእኛዎቹን ጨምሮ፣ ከጌጣ ጌጥ ማተም ይልቅ የዚህ ሞተር ትልቁ ጥቅም ይኸኛው ይመስለኛል።

መብራት ሲጠፋ

ኢንኮደር የተገጠመለት ስቴፐር እየረከሰ መጥቷል፤ ጥርስ ቢስት ራሱ አውቆ ያርማል። ሁሉም ማሽን ወደዚያ ይሂድ ወይ? ለፕሪንተር አይመስለኝም። በልኩ የተሠራ ፕሪንተር ቀናት ሙሉ አንድም እርምጃ ሳይስት ይሠራል፤ የሚስት ከሆነ መታረም ያለበት ማሽኑ ነው። ለብረት መቅረጫ ግን ገንዘቡ ይገባዋል፤ አንድ የጠፋ ጥርስ ውድ ብረት ያበላሻል፣ መቁረጫ ይሰብራል።

መብራት በየጊዜው በሚቋረጥበት አገር ግን ለኢንኮደር ሌላ ምክንያት አለ። ቆጠራው ያለው በቦርዱ ትውስታ ውስጥ ነው፤ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ፕሩሻ ኤምኬ3 በፓወር ሰፕላዩ ውስጥ በቀረችው ጥቂት ኤሌክትሪክ ቦታውን ጽፎ ያስቀምጣል። ያም ሆኖ ከረንት ሲቋረጥ ሮተሩ ወደ ቀረበው የማግኔት ማረፊያ ይሸሻል፤ ድራይቨሩ ሲመለስ ደግሞ ከራሱ መነሻ ይጀምራል። ሁለቱ ካልተናበቡ ሮተሩ እስከ ሁለት ሙሉ እርምጃ፣ በቺንጋው 0.4 ሚሊ ሜትር ሊዘል ይችላል፤ በግማሽ የቀረው ሥራ ላይ ጠባሳ ይቀራል።

ኤኤስ5600 የተባለው ርካሽ የማግኔት ሴንሰር አንድን ዙር 4,096 ቦታ ይከፍላል፤ መብራት ሲመለስም ዘንጉ የቆመበትን ማዕዘን ሳያዞረው ያነባል። በፕሪንተሩ ቺንጋ ይህ ወደ 0.01 ሚሊ ሜትር ነው። ቦርዱ መብራቱ ሊሄድ ሲል ስንተኛው ዙር ላይ እንደነበረ ብቻ ጽፎ ቢይዝ፣ ጭንቅላቱም ከ20 ሚሊ ሜትር በላይ በእጅ ካልተገፋ፣ ሙሉ ቦታው ተመልሶ ይገኛል። ለሞተሮቹ ሴንሰር፣ ለዘንጎቹ ጫፍ ትንሽ ማግኔት፣ ለቦርዱ ጥቂት የፕሮግራም መስመሮች ያስፈልጋሉ። ጠረጴዛው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ሥራው ተላቆ ካልወደቀ፣ መብራቱ ሲመጣ ማሽኑ ካቆመበት መስመር ይቀጥላል። የኤሌክትሮኒክስ ተማሪዎች ለመመረቂያ ሥራ ርዕስ ሲፈልጉ ይህን ቢያነሡት ደስ ይለኛል።